ኢኒግማና ፖላንዶቹ፦ ያላዩትን ማሽን ሽቦ እንዴት አወቁት?

ጥያቄው፦ «ኢኒግማን የፈቱት እንግሊዞች ናቸው ሲባል ነው የሰማሁት። አሁን ደግሞ ፖላንዶች ቀድመው ፈትተውታል የሚል አነበብኩ። ማሽኑን ሰርቀው ነው? ሰላይ ሸጦላቸው ነው? ያላዩትን ማሽን በሂሳብ ብቻ ፈቱት የሚለው አልገባኝም። እንዲያ ከሆነስ የእንግሊዞቹ ድርሻ ምኑ ላይ ነው?»

አጭሩ መልስ፦ ማሽኑ አልተሰረቀም። ሰላይ ነበር፤ የሸጠው ግን የአጠቃቀም መመሪያና የቁልፍ ሰንጠረዥ እንጂ የማሽኑን የውስጥ ሽቦ አይደለም። የሽቦውን አዘረጋግ በስሌት ያገኘው ማሪያን ሬየቭስኪ የተባለ የ27 ዓመት የሂሳብ ሰው ነው፤ ጊዜውም የ1932 መጨረሻ ሲሆን ጦርነቱ ሊጀመር ሰባት ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር። እንግሊዞች በኋላ የሠሩት ትልቅ ሥራ እውነት ነው፤ የቆመው ግን በዚህ መሠረት ላይ ነው። ዝርዝሩ ሂሳብ አለበት፤ መደመርና ፊደል መቁጠር ለሚችል ሰው ግን አይከብድም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማሽኑ እንጀምር። ኢኒግማ የጽሕፈት መኪና የመሰለ ሣጥን ነው። አንድ ፊደል ሲጫኑ ከላይ አንድ አምፖል ይበራል፤ የበራው ፊደል የተመሰጠረው ነው። ኤሌክትሪኩ በመጀመሪያ ፊት ለፊት ባለው የመሰኪያ ሰሌዳ ያልፋል። እዚያ በአጫጭር ገመድ የተያያዙ ሁለት ፊደላት ቦታ ይለዋወጣሉ። እስከ 1936 መጸው ድረስ ገመዶቹ ስድስት ነበሩ፤ 12 ፊደላት ይለዋወጣሉ፣ 14ቱ እንዳሉ ያልፋሉ። ከሰሌዳው ወደ መግቢያ ቀለበት ይሄዳል፤ ከዚያ ሦስቱን ሮተሮች ከቀኝ ወደ ግራ አቋርጦ አንጸባራቂ የሚባለው ክፍል ጋ ሲደርስ ይመለሳል፤ በሌላ መንገድ ሮተሮቹን እንደገና አልፎ፣ በሰሌዳው በኩል ወጥቶ አምፖሉን ያበራል። እያንዳንዱ ሮተር በግራም በቀኝም 26 ንክኪ አለው፤ በመሃል 26 ሽቦዎች ተጠላልፈው ይሄዳሉ። የማሽኑ ምስጢር ያ ጥልፍልፍ ነው። ፊደል በተጫኑ ቁጥር የቀኙ ሮተር አንድ እርምጃ ይዞራል፤ መካከለኛውን የሚገፋው ግን በ26 እርምጃ አንዴ ብቻ ነው።

አንጸባራቂው ያመጣው ጣጣ አለ። በአንድ የሮተር አቀማመጥ ላይ «ሀ» ሲጫኑ «መ» ከበራ፣ በዚያው አቀማመጥ «መ» ሲጫኑ «ሀ» ይበራል። ለተጠቃሚው ይህ ምቾት ነው፤ መመስጠሪያውና መፍቻው አንድ ማሽን ይሆንለታል። ለሂሳብ ሰው ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ 26ቱ ፊደላት በ13 ጥንዶች ተከፍለዋል ማለት ነው። ይህቺ ነጥብ በኋላ ትመለሳለች። ማሽኑ የሚሠራው በላቲን ፊደል ነው፤ የግዕዝም ፊደል ከሀ እስከ ፐ ልክ 26 ስለሆነ ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል እሰጣለሁ። ሂሳቡ ቅንጣት አይለወጥም።

ጀርመኖች የሠሩት ስህተት

በየዕለቱ ለሁሉም የሬዲዮ ጣቢያዎች አንድ የጋራ ቁልፍ ነበር፦ የሮተሮቹ ቅደም ተከተል፣ በየሮተሩ ዙሪያ ያሉት የፊደል ቀለበቶች ቅንብር፣ የሰሌዳው ገመዶችና የመነሻ አቀማመጥ። ሁሉም መልእክት ከአንድ መነሻ እንዳይጀምር፣ ሬዲዮ ሠራተኛው ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱን ሦስት ፊደል ይመርጣል፤ የመልእክት ቁልፍ እንበለው። ይህን ለተቀባዩ የሚያደርሰው በዕለቱ መነሻ ላይ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ በመመስጠር ነው። «ሰለመ» ከመረጠ «ሰለመሰለመ» ብሎ ይጽፋል፤ የሚወጡት ስድስት ፊደላት በመልእክቱ ራስ ላይ ይላካሉ። የተደገመው በሬዲዮ ጩኸት አንድ ፊደል ቢጠፋ እንዲታረም ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ውጤቱ ግን በር ከፈተ። የመጀመሪያውና አራተኛው ፊደል አንድ የተሰወረ ፊደል ናቸው፤ ሁለተኛውና አምስተኛው፣ ሦስተኛውና ስድስተኛውም እንደዚያው።

አሁን ጠጋ ብለን እንይ። ለማሳጠር ስድስት ፊደል ብቻ ያለው ማሽን እናስብ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ። የቀኑን መልእክቶች ሰብስበው አንደኛና አራተኛ ፊደላቸውን ጎን ለጎን ይጻፉ። አንዱ መልእክት በሀ ጀምሮ አራተኛው ለ ነው። ሌላው በለ ጀምሮ አራተኛው ሐ ነው። ሌላው በሐ ጀምሮ አራተኛው ሀ ነው። ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሐ፣ ከሐ ተመልሶ ወደ ሀ፤ አንድ ዙር ተዘጋ። የቀሩትም ከመ ወደ ረ፣ ከረ ወደ ሠ፣ ከሠ ወደ መ ሌላ ዙር ይሠራሉ። ሁለቱም ባለ ሦስት ናቸው፤ ይህ አጋጣሚ አይደለም። ማሽኑ በየእርምጃው በጥንድ ስለሚሠራ ዙሮቹ ሁልጊዜ እኩል ርዝመት ባላቸው ጥንዶች ይመጣሉ። የአንዱ ዙር ፊደል የሌላው ዙር ፊደል ጥንድ ነው፤ የሚሄዱትም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው።

ስለዚህ በአንደኛው እርምጃ ሀ የመ ጥንድ መሆኑን ብቻ ቢገምቱ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። የመጀመሪያውን ዙር ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው ይጻፉ። ከሥሩ ሁለተኛውን ከመ ጀምረው ወደኋላ ይጻፉ፦ መ፣ ሠ፣ ረ። ላይና ታች የገጠሙት፣ ሀ ከመ፣ ለ ከሠ፣ ሐ ከረ፣ የአንደኛው እርምጃ ጥንዶች ናቸው። የታችኛውን መስመር አንድ ቦታ ቢያንሸራትቱ የአራተኛው እርምጃ ጥንዶች ይወጣሉ፦ ለ ከመ፣ ሐ ከሠ፣ ሀ ከረ። ማሽኑን ሳይነኩ፣ መልእክቱን ሳይፈቱ፣ ውስጡ በሁለት እርምጃዎች ምን እንደሚያደርግ አወቁ።

በእውነተኛው ማሽን ሬየቭስኪ በምሳሌነት በሚያነሳው አንድ ቀን፣ በአንደኛና አራተኛ ፊደላት የተገኙት ዙሮች 10፣ 10፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1 ርዝመት አላቸው። እነዚህን ማጣመር የሚቻለው በ20 መንገድ ነው። በሁለተኛና አምስተኛ 9፣ 9፣ 3፣ 3፣ 1፣ 1 ናቸው፤ 27 መንገድ። በሦስተኛና ስድስተኛ 13 እና 13፤ 13 መንገድ። በጠቅላላው 20 በ27 በ13 ሲባዛ 7,020 አማራጭ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ትክክለኛውን የሚለየው የሬዲዮ ሠራተኞቹ ስንፍና ነው። ሦስት ፊደል ምረጡ ሲባሉ አንዱን ሦስቴ መጫን፣ ወይም በማሽኑ የፊደል ቁልፎች ላይ ጎን ለጎን ያሉትን መምረጥ ይቀናቸዋል። ብዙ መልእክቶች ላይ ተደጋግሞ የመጣ ራስ እንዲህ ካለ ቁልፍ እንደመጣ ተገምቶ ሲሞከር፣ የሌሎቹም ቁልፎች ወዲያው ቅርጽ ካወጡ ግምቱ ልክ ነው።

ይህን በኢኒግማ አስመሳይ ፕሮግራም ሊሞክሩት ይችላሉ። በአንድ መነሻ አቀማመጥ ከ60 እስከ 80 የመልእክት ራስ ያዘጋጁ። ከዚያ ካነሱ ሰንጠረዡ ይሳሳል። በ60 መልእክት ሁለት ሦስት ፊደል፣ በ80 አንድ ገደማ በመጀመሪያው ቦታ ሳይመጣ ይቀራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደል በአራተኛው ዓምድ አንድ የራሱ ቦታ ብቻ ስላለው የጎደለው በቀሩት ይሞላል። አንድ ፊደል ከሁለት የተለያዩ ፊደላት ከተመራ፣ ወይም ዙሮቹ ጥንድ አልሆን ካሉ፣ ስህተቱ ቀረጻው ላይ ነው፤ በዚያ ዘመንም የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚያርፈው ሞርሱን በሰማው ጆሮ ላይ ነበር። ሌላው የሚያሰናክል ነገር የሁለት የተለያዩ ቀናት መልእክት መቀላቀል ነው፤ አንዱ ብቻ ቢገባ ሰንጠረዡ ይበላሻል።

ከጥንዶቹ ወደ ሽቦው

የስድስቱ እርምጃ ጥንዶች በእጅ ገቡ። ስድስት እኩልታ አለ ማለት ነው። ያልታወቁት ሦስት ናቸው፦ የመሰኪያ ሰሌዳው፣ የቀኙ ሮተር ሽቦ፣ የቀረው ሁሉ። «የቀረው ሁሉ» ያልኩት ሁለቱን ግራ ሮተሮችና አንጸባራቂውን ነው። በስድስቱ ፊደላት ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ቀኙ ሮተር ብቻ ከሆነ እነሱ እንደ አንድ የማይነቃነቅ እቃ ይቆጠራሉ። መካከለኛው ሮተር በመሃል የመንቀሳቀስ ዕድሉ ከ26 አምስት ነው፤ ከ26 ቀን በ21ዱ ሐሳቡ ይሠራል።

ሦስት ያልታወቀ ነገር ያለበትን ይህን እኩልታ በተግባር መፍታት አልተቻለም። የሰላዩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሃንስ ቲሎ ሽሚት በበርሊን በጀርመን ጦር የምስጢር ጽሑፍ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነበር፤ ከ1931 ጀምሮ ሰነድ ለፈረንሳይ ስለላ ይሸጥ ነበር። ተቀባዩ ጉስታቭ ቤርትራን ነው። የፈረንሳይና የእንግሊዝ ባለሙያዎች ሰነዱን አይተው ማሽኑን ለመፍታት አይበቃም አሉ፤ ቤርትራን ለዋርሶ ሰጠ። በ1932 መጨረሻ ሬየቭስኪ እጅ የገባው የሴፕቴምበርና የኦክቶበር 1932 የዕለት ቁልፎች ነው። በዚህ የመሰኪያ ሰሌዳው ታወቀ። ሦስቱ ያልታወቁ ሁለት ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት እንዲህ ነው። ሰሌዳውንና የቀኙን ሮተር እርምጃ ከስድስቱ ጥንዶች ላይ ያነሳሉ። የቀሩትን ስድስት አደራደሮች ተከታታዮቹን ሁለት ሁለት እያባዙ አምስት ብዜት ያገኛሉ። እነዚህ ብዜቶች ሁሉ የዙር ርዝመታቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም አንዱ ከሌላው የሚለየው በአንድና በተመሳሳይ ለውጥ ብቻ ነው። አንዱን ብዜት ከሌላው ሥር ሲጽፉ ያ ለውጥ ሊሆን የሚችልባቸው አማራጮች ይታያሉ፤ የሚቀጥለውን ሁለት ሲያነጻጽሩ በሁለቱም የሚገኘው አንዱ ብቻ ይሆናል። እሱም ባለ 26 ፊደል አንድ ረጅም ዙር ነው። ያን ዙር ከሀ እስከ ፐ ካለው ተራ በላይ ሲያሰፍሩት የሮተሩ ሽቦ ይነበባል።

በመጀመሪያ ግን አልሠራም። ብዜቶቹ የዙር ርዝመታቸው አልገጥም አለ። ምክንያቱ የመግቢያው ቀለበት ነበር። በገበያ የሚሸጠው ኢኒግማ ላይ የፊደል ቁልፎቹ ከመግቢያው ቀለበት ጋር የተያያዙት በጽሕፈት መኪናው የፊደል ተራ ነው። ሬየቭስኪ የጦሩም እንደዚያ ይሆናል ብሎ ነበር ያሰላው። አለመሆኑን ሲያይ፣ ሥርዓት የሚወዱ ጀርመኖች በተራ የፊደል ቅደም ተከተል አድርገውት ይሆናል ብሎ ገመተ። ሞከረው፤ ሽቦው ወጣ። እንግሊዛዊው ምስጢር ፈቺ ዲሊ ኖክስ ለዓመታት የተሰናከለው እዚህችው ነጥብ ላይ ነበር።

አንድ ሮተር ብቻ ቢገኝ ሥራው ግማሽ ነበር። የሮተሮቹ ቅደም ተከተል በዚያን ጊዜ የሚቀየረው በየሦስት ወሩ ነው። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ደግሞ በሁለት የተለያዩ ሩብ ዓመታት ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ በአንዱ ወር ቀኝ የነበረው ሮተር በሌላው ወር ቦታውን ለቆ ሌላ ገብቷል፤ በአንድ ዘዴ የሁለት ሮተር ሽቦ ተገኘ። ሁለቱ ከታወቁ ሦስተኛውንና አንጸባራቂውን ማውጣት ቀላል ነው። ቁልፎቹ የሁለት ተከታታይ ወራት ሆነው በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ሥራው እጅግ ይከብድ ነበር። የሰላዩ ሰነድ ድርሻ ምን ያህል ነው ለሚለው የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ያለ ሰነዱ መንገዱ ይረዝም ነበር፣ ያለ ሬየቭስኪ ግን ሰነዱ በፓሪስና በለንደን እንደሆነው መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር።

ሬየቭስኪ ብቻውን አልነበረም። የፖላንድ ጦር የምስጢር ጽሑፍ ቢሮ በ1929 በፖዝናን ዩኒቨርሲቲ ጀርመንኛ ለሚያውቁ የሂሳብ ተማሪዎች የምስጢር አፈታት ኮርስ ከፍቶ ነበር። ከተማዋ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በጀርመን ሥር ስለነበረች ቋንቋውን የሚያውቅ ወጣት ሞልቷል። ከኮርሱ የወጡት ሦስቱ፣ ሬየቭስኪ፣ የዢ ሩዢትስኪና ሄንሪክ ዚጋልስኪ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1932 ዋርሶ ሥራ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ምስጢር መፍታት የቋንቋ ሰዎች ሙያ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የሂሳብ ሰዎችን መቅጠር፣ በእኔ ግምት፣ የፖላንድ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። ማሽኑ በወረቀት ላይ ሲታወቅ ደግሞ አቫ የሚባለው የዋርሶ የሬዲዮ ፋብሪካ ቅጂውን ሠራ።

የየዕለቱ ቁልፍ

ማሽኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉ ግን በየቀኑ ይለወጣል። ከሽሚት የመጡት ቁልፎች ለዋርሶው ቡድን የደረሱት የሁለቱ ወር ብቻ ስለሆነ ከ1933 ጀምሮ ቁልፉን ራሳቸው ማግኘት ነበረባቸው።

የቀኙ ሮተር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሩዢትስኪ የሰዓት ዘዴ የሚባለውን አመጣ። ሁለት የጀርመንኛ ጽሑፎችን አንዱን ከሌላው ሥር ቢጽፉ ላይና ታች አንድ ዓይነት ፊደል የሚገጥመው ከ13 ቦታ በአንዱ ያህል ነው፤ ፊደላቱ በዘፈቀደ ቢሆኑ ከ26 በአንዱ ነበር። ሁለት መልእክቶች በአንድ አቀማመጥ ከተመሰጠሩ ይህ ግጥጥሞሽ አይጠፋም። ቀኙ ሮተር መካከለኛውን የሚገፋበት ቦታ ጋ ሲደርስ ግን መግጠሙ ይቆማል ወይም ይጀምራል። ጀርመኖች የየሮተሩን መግፊያ በተለያየ ፊደል ላይ ስላደረጉት፣ ቦታው ከታወቀ ሮተሩ ታወቀ። ለመለየት ብለው ያደረጉት ልዩነት መለያ ሆነባቸው።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያስደንቀኝ የሚከተለው ነው። ስድስት ገመድ በ26 ፊደላት ላይ የሚሰካበት መንገድ 100,391,791,500 ነው። ይህን እያንዳንዱን መሞከር አይታሰብም። ሬየቭስኪ ያየው ሰሌዳው የፊደላቱን ስም ይቀይራል እንጂ የዙሮቹን ርዝመት አይነካም የሚለውን ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ሀን በፐ ቢተኩት ዙሩ ከባለ ሦስትነቱ አይለወጥም። ስለዚህ የዙሮቹ ርዝመት የሮተሮቹ ብቻ አሻራ ነው፤ መቶ ቢሊዮኑ ከስሌቱ ወጣ። የቀረው ስድስት የሮተር ቅደም ተከተል በ17,576 አቀማመጥ፣ ማለትም 105,456 ነው። ይህ ደግሞ በካርድ ሊመዘገብ የሚችል ቁጥር ነው።

ለምዝገባው ሳይክሎሜትር የሚባል መሣሪያ ተሠራ። ሁለት ስብስብ ሮተሮች አሉት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በሦስት እርምጃ የተለየ ነው፣ አንደኛንና አራተኛን ፊደል ለማስመሰል። ከላይ 26 አምፖልና 26 ማብሪያ ተደርድሯል። በአንድ ፊደል ላይ ኤሌክትሪክ ሲለቁ የዚያ ዙርና የጥንዱ ፊደላት በሙሉ አብረው ይበራሉ፤ የበሩትን ቆጥረው ለሁለት ሲያካፍሉ የዙሩ ርዝመት ነው። 20 አምፖል ከበራ ዙሩ ባለ 10 ነው። የበሩት አምፖሎች ጥቂት ሲሆኑ ኃይሉ በዝቶ ክራቸውን እንዳያቃጥል፣ አዲስ ፊደል ከመንካት በፊት በመቆጣጠሪያው ጅረቱን መቀነስ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ እያሉ 105,456ቱን ካርድ ለመሙላት ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ካለቀ በኋላ የዕለቱን ዙሮች አውጥቶ ካርዱን መፈለግ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ይወስድ ነበር። የቀለበቶቹን ቅንብር ለማግኘት ደግሞ ብዙ የጀርመን መልእክት «ለእገሌ» ስንል ያለውን «ለ» በሚተካው ቃላቸውና ክፍተትን በሚወክል አንድ ፊደል መጀመሩን ተጠቀሙ። በጃንዋሪ 1938 ለሁለት ሳምንት በተደረገ ፍተሻ ከተጠለፉት የኢኒግማ መልእክቶች 75 በመቶ ያህሉ ተፈትተዋል።

ካርዱ አንድ ጊዜ ከንቱ ሆኗል። በኖቬምበር 1937 ጀርመኖች አንጸባራቂውን ለወጡ፤ ሁሉም አሻራ ተለወጠ፣ መዝገቡም ከሀ እንደገና ተሠራ።

ከዚህ የከፋው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1938 መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋራ መነሻ ቀረ፤ ሬዲዮ ሠራተኛው መነሻውን ለየመልእክቱ ራሱ መርጦ በግልጽ ይልከዋል፣ ከዚያ የመልእክት ቁልፉን አሁንም ሁለቴ ይመሰጥራል። የጋራ መነሻ ከሌለ ዙር መሥራት አይቻልም። ድግግሞሹ ግን አልቀረም። ከስምንት ዘጠኝ መልእክት በአንዱ ገደማ የመጀመሪያውና አራተኛው፣ ወይም ሁለተኛውና አምስተኛው፣ ወይም ሦስተኛውና ስድስተኛው ፊደል አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ፖላንዶቹ እነዚህን «እንስቶች» ይሏቸው ነበር። እንስት ሊወጣ የሚችለው ከሮተር አቀማመጦች በ40 በመቶ ገደማው ብቻ ነው። አሁንም ሰሌዳው አያደናግርም፤ የደገመው ፊደል ስሙ ማንም ይሁን፣ መድገሙ ነው የሚፈለገው።

ዚጋልስኪ ይህን ወደ ወረቀት አወረደው። ለአንድ የሮተር ቅደም ተከተል 26 ትልልቅ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለግራው ሮተር ለየፊደሉ አንድ። በየወረቀቱ የቀሩት ሁለት ሮተሮች አቀማመጥ በአራት ማዕዘን ሰንጠረዥ ይሰፍራል፤ እንስት በሚቻልበት ቦታ ቀዳዳ ይበሳል። ሰንጠረዡ 26 በ26 ሳይሆን 51 በ51 ነው፤ ወረቀቶቹ ሲደራረቡ በየመልእክቱ መነሻ ልክ ስለሚንሸራተቱ ጫፋቸው እንዳይጎድል ነው። በዚህ የተነሳ በአንድ ወረቀት ወደ 1,000 ቀዳዳ ይሆናል፤ የሚበሳውም በእጅ፣ በምላጭ ነበር። ከአንድ ቀን 10 ወይም 12 እንስት ተገኝቶ ወረቀቶቹ በብርሃን ላይ ሲደራረቡ፣ ብርሃን የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች እየመነመኑ መጨረሻ ላይ አንድ ይቀራል። አንድ ወረቀት በአንድ መስመር ቢዛነፍ ወይም አንድ ቀዳዳ ቢረሳ ትክክለኛው ነጥብ ይሸፈናል፤ ምንም ብርሃን የማይታይበት ቀን አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጎን ለጎን ሬየቭስኪ ቦምባ የተባለውን ማሽን ነደፈ፤ አቫ በኖቬምበር 1938 ስድስቱን ሠራ፣ ለየሮተር ቅደም ተከተሉ አንድ። እያንዳንዱ የስድስት ኢኒግማ ሮተሮች በሞተር የሚያዞር ሲሆን 17,576ቱን አቀማመጥ በሁለት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ድካሙ ሰሌዳው ላይ ነው፤ የሚሠራው የተደገመው ፊደል ገመድ ያልተሰካበት ሲሆን ብቻ ነው። ገመዶቹ ከ5 እስከ 8 ሳሉ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ያህል ነበር። በጃንዋሪ 1939 ከ7 እስከ 10 ሲሆኑ ወደቀ።

በመሃሉ ዲሴምበር 15 ቀን 1938 ሁለት አዲስ ሮተሮች ተጨመሩ። ከአምስት ሦስት ሲመረጥ ቅደም ተከተሉ ከ6 ወደ 60 ያድጋል። የአዲሶቹን ሽቦ ማን ያውቃል? የናዚ ፓርቲ የስለላ ክፍል አዲሶቹን ሮተሮች ተቀብሎ የድሮውን የጋራ መነሻ አሠራር ስላልተወ፣ ሬየቭስኪ በ1932ቱ ዘዴ ሽቦአቸውን አወጣ። ነገር ግን ለ60ው ቅደም ተከተል ሌላ 54 ቦምባና 58 ስብስብ የተበሳ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። እውቀቱ ነበር፤ ገንዘቡና ሰው አልነበረም።

ፒሪ፣ ጁላይ 1939

ጁላይ 25 እና 26 ቀን 1939፣ ጀርመን ፖላንድን ልትወር አምስት ሳምንት ሲቀራት፣ ፖላንዶች ፈረንሳዮችንና እንግሊዞችን ከዋርሶ ደቡብ ፒሪ አጠገብ ባለው የጫካ ጣቢያቸው ሰበሰቡ። ከእንግሊዝ አላስተር ዴኒስተንና ዲሊ ኖክስ፣ ከፈረንሳይ ቤርትራን ነበሩ። ያላቸውን ሁሉ አሳዩ፦ የሽቦውን አወጣጥ፣ ሳይክሎሜትሩን፣ ወረቀቶቹን፣ ቦምባውን። ኖክስ አስቀድሞ የጠየቀው የመግቢያውን ቀለበት ነው፤ መልሱ ተራ የፊደል ቅደም ተከተል መሆኑን ሲሰማ ምን ያህል እንደተናደደ በቦታው የነበሩት አስታውሰዋል። ሁለት የኢኒግማ ቅጂ ለእንግዶቹ ተሰጠ። የለንደኑ ኦገስት 16 ደረሰ።

እዚህ ላይ የእንግሊዞቹ ድርሻ ይጀምራል። የእንግሊዞቹ የምስጢር መፍቻ ማዕከል ብሌችሊ ፓርክ ፖላንዶቹ ያልቻሉትን ሠራ፤ ጆን ጄፍሪስ የመራው ቡድን የ60ውን ስብስብ ወረቀቶች አስበሳ። ፖላንዶቹ በዚያ ጊዜ በሩማንያ በኩል አምልጠው ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኝ ጣቢያ ከቤርትራን ጋር ይሠሩ ነበር። የብሌችሊው የሂሳብ ሰው አላን ቱሪንግ ወረቀቶቹን ይዞላቸው መጣ፤ በጃንዋሪ 1940 የጦርነቱ ጊዜ የመጀመሪያው የኢኒግማ ቁልፍ በዚያ ተፈታ።

በሜይ 1940 ጀርመኖች የመልእክት ቁልፉን መድገም ተዉ። በአንድ ሌሊት ወረቀቱም ቦምባውም ዋጋ አጡ ማለት ይቻላል። ቱሪንግ ይህን ቀድሞ ገምቶ ስለነበር የእሱ ማሽን በድግግሞሹ ላይ አልቆመም። የቆመው መልእክቱ ውስጥ ይገኛል ተብሎ በሚገመት ቃል ላይ ነው፤ ለምሳሌ በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚላክ የአየር ጠባይ ዘገባ። የሥራ ባልደረባው ጎርደን ዌልችማን በጨመረበት የሽቦ ሰሌዳ ማሽኑ ፈጥኖ ሐሰተኛ መልሶችን የሚጥል ሆነ። የባሕር ሰርጓጅ መርከቦቹ ኢኒግማም የተፈታው በብሌችሊ ነው፤ ያ የፖላንዶች ሥራ አይደለም፣ ነው ብሎ መጻፍም ስህተት ነው። የቱሪንግ ማሽን ስም «ቦምብ» ግን ከዋርሶው ቦምባ የመጣ ነው፤ የብሌችሊ ፈቺዎች ሽቦውን ከባዶ ለማግኘት ዓመታት ያላጠፉትም በፒሪው ሁለት ቀን ምክንያት ነው።

ሰዎቹ ምን ሆኑ? ፈረንሳይ ስትወድቅ ቡድኑ በደቡብ ፈረንሳይ በድብቅ ቀጠለ። ሩዢትስኪ ጃንዋሪ 9 ቀን 1942 ከአልጄሪያ ሲመለስ ላሞሪሲየር የተባለችው መርከብ በሜዲትራንያን ሰጥማ ሞተ። ሬየቭስኪና ዚጋልስኪ በጃንዋሪ 1943 ፒሬኔ ተራራን በእግር አቋርጠው ስፔን ገቡ፤ መንገድ መሪያቸው በሽጉጥ አስፈራርቶ የቀራቸውን ገንዘብ ዘረፋቸው፣ ከዚያም ለወራት ታሰሩ። የቢሮው አለቃ ግቪዶ ላንገርና የጀርመን ክፍሉ ኃላፊ ማክሲሚሊያን ቼንሽኪ በጀርመኖች ተያዙ። ሲመረመሩ ከጦርነቱ በፊት አንዳንድ ነገር ተፈትቶ እንደነበር፣ ከ1938ቱ ለውጦች በኋላ ግን እንደማይቻል አስረድተው ጀርመኖቹን አሳመኑ። የአቫው መሐንዲስ አንቶኒ ፓሉት በዛክሰንሃውዘን የእስረኞች ካምፕ በ1944 ሞተ። ከእነዚህ አንዱ ቢናገር ጀርመኖች ማሽኑን በሙሉ ይለውጡት ነበር።

ሬየቭስኪና ዚጋልስኪ እንግሊዝ ሲደርሱ ወደ ብሌችሊ አልተወሰዱም። ቦክስሙር በሚባል ቦታ በፖላንድ ጦር ሥር ሆነው ኤስ ኤስ የተባለውን የናዚ ታጣቂ ኃይል የእጅ ምስጢር ጽሑፎች እንዲፈቱ ተደረገ፤ ኢኒግማን እንደገና አልነኩም። ዚጋልስኪ እዚያው ቀርቶ ሂሳብ አስተማረ። ሬየቭስኪ በ1946 ወደ ባለቤቱና ልጆቹ ተመልሶ፣ በተወለደባት በቢድጎሽች ከተማ በአንድ የኬብል ፋብሪካ ሽያጭ ክፍል ውስጥ ሠራ። እስከ 1960ዎቹ መገባደጃ ድረስ ስለ ኢኒግማ አንድም ቃል አልተነፈሰም።